የሁለተኛው ዲስክ መጨረሻ

እትዬ ደብሪቱ እንደሚሉት ሴትዮዋ በሩን ከፈተች፤ ድንጋይ ተሸክሞ ደጇ ላይ የተንበረከከውን ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ከዚያ አንድ ቃል ሳትናገር በሩን መልሳ ዘጋችው። ሰውየው ፀሐይ ላይ ቀረ፣ ዘፈን ገባ፣ የተዋንያን ስም መዘርዘር ጀመረ፣ አለቀ።

አባቴ እንደሚለው ደግሞ ሴትዮዋ በሩን ከፈተች፤ ድንጋዩን ከባሏ አንገት ላይ አወረደችለት፤ እጁን ይዛ አስገባችው። በመጨረሻ ልጅ ወልደው፣ ልጁ ምንጣፍ ላይ ሲድህ ይታያል። ዘፈኑ የገባውም ያኔ ነው።

ሁለቱም በዓይናቸው እንዳዩት ይምሉ ነበር። እኛ ቤት ግን ሁለተኛው ዲስክ፣ ሴትዮዋ የበሩን መወርወሪያ ስትይዝ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፊቷ በትንንሽ አራት ማዕዘን ተቆራርጦ፣ አፏ ግማሽ ተከፍቶ፣ ዴኩ ውስጥ የሆነ ነገር እየተንቀጫቀጨ ቀረች።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ የነበረው ጭቅጭቅ ሁሉ በፊልሙ መጨረሻ ምክንያት የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ቤታችን ሸዋ ሮቢት ዋናው አስፋልት ዳር፣ ከአባቴ ጎሚስታ ጀርባ ነው። አባቴ ታከለ ከደሴ የሚወርዱትን፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡትን የጭነት መኪናዎች ጎማ ይጠግናል። ቀኑን ሙሉ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸተናል፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ደግሞ ሽታው ከነሙቀቱ ጓዳ ድረስ ይገባል። የእናቴ የወርቅነሽ ታናሽ እህት ሐና ክረምቱ ሲገባ እኛ ጋ መጥታ ነበር፤ ግራ እጇ በጀሶ ታስሮ። ከባሏ ከጋሼ ደረጄ አይሱዙ ስትወርድ መርገጫው አዳልጧት ወድቃ ነው ተባልኩ። ለሐኪሙም የተነገረው ይኸው ነው።

ጋሼ ደረጄን እወደው ነበር። መኪናው እኛ በር ላይ በቆመ ቁጥር ጭኑ ላይ አስቀምጦ ክላክሱን ያስነፋኛል። ሐና ከመጣች ወዲህ ግን እኛ ጋ አይቆምም። ጀውሃ ነው ያለው፣ መኪናው ተበላሽቶበታል አለችኝ እናቴ። ጎሚስታ የሆነው አባቴ እዚያው አፍንጫችን ሥር ላለ ሰው ለምን መሣሪያውን ይዞ እንደማይሄድለት አልገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው መኪናው ደህና ነበር። እናቴ፣ ያቺ ድምጿ የማይሰማ ሴት፣ ከዚህ በር እንዳይደርስ ብላ ሰው ልካበት ነበር።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ከጀውሃ ሲመለስ ፌስታል ይዞ መጣ። ውስጡ ሁለት ዲስኮች ነበሩ።

"ጋሼ ደረጄ ነው የሰጠኝ" አለኝ ዝቅ ብሎ። "ለሐና እንዳትነግራት።"

ስጦታ ነው ብዬ አፌን ዘጋሁ።

ከምሳ በኋላ ጎረቤት ተሰበሰበ። እትዬ ደብሪቱ፣ ሽንኩርት ነጋዴዋ ጎረቤታችን፣ ጎማ ወንበሩ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። የኋላ ክፍላችንን የተከራየው የባጃጅ ሹፌር ብርሃኔ በሩ ላይ ተደገፈ። ሐና ምንጣፉ ላይ፣ የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ። ፊልሙን አባቴ ራሱ ከተተው፤ ወትሮ ዴኩን እኔ ነበርኩ የምነካው።

የሹፌር ፊልም ነበር። ርዕሱን ማንም አያስታውሰውም፤ በኋላ ሁላችንም "ያ ድንጋይ የተሸከመበት" ነበር የምንለው። መጀመሪያ ላይ ሳቅ ነበር።

"ድሃ ናት ይሉናል፤ ጥፍሯን አያችሁት?" አሉ እትዬ ደብሪቱ። "እንዲህ ያለ ጥፍር ይዛ ነው ሽሮ የምታማስለው?"

"እሱንስ አላያችሁም?" አለ አባቴ። "ሹፌር ነኝ ይላል። ጣርማ በርን በአራተኛ ማርሽ ሲወጣ! ሞተሩ ፈንድቶ ይሄኔ ገደል ውስጥ ነበር።"

"ሙዚቃውን ቀንሱት፤ ንግግሩ አይሰማም" አለ ብርሃኔ።

ከዚያ ሹፌሩ መጠጣት ጀመረ፤ ከዚያ ሚስቱን መምታት ጀመረ። አንዴ አይደለም። ሻይ ቀዘቀዘ ብሎ መታት፤ ስልክ ሳታነሳ ቀረች ብሎ መታት። ክፍሉ ውስጥ ሰው መቀለዱን አቆመ። እናቴ ተነስታ ወጣች፤ ጓዳ ውስጥ ድስት ሲጋጭ እሰማለሁ።

"እጁን ይቁረጠው!" አሉ እትዬ ደብሪቱ።

"ቆዩ እንጂ፣ መጨረሻውን እዩት" አለ አባቴ። ግንባሩ አልቦታል።

"አይ፣ ይሄ ዱላ የውሸት ነው" አለ ብርሃኔ። "ድምፁ ቀድሞ መጣ፣ እጁ ኋላ። በዚያ ላይ እንዲህ ይጮኻል እንዴ?"

"አይጮኽም" አለች ሐና። ፊልሙ ከጀመረ ወዲህ የተናገረችው ይህን ብቻ ነበር። "የእውነቱ እንዲህ አይጮኽም።"

እኔ ሐና ስለ ፊልም አሠራር እንዲህ ማወቋ ገርሞኝ ቀና ብዬ አየኋት። ያን ዓረፍተ ነገር የተረዳሁት በኋላ ነው። ያ የአይሱዙ መርገጫ ከመሬት ብዙ አይርቅም፤ እኔ እንኳ እዘልለው ነበር። ከዚያ ወድቆ ክንዱ ሁለት ቦታ የሚሰበር ሰው መኖሩን አላውቅም። አባቴ ደግሞ ዕድሜውን በሙሉ የዚያን መኪና ጎማ ሲፈታና ሲያስር የኖረ ሰው ነው።

ሁለተኛው ዲስክ ላይ ሚስትየዋ ጥላው ሄዳለች። ሹፌሩ ጠጉሩ ተንጨባሮ፣ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ሽማግሌዎች ከኋላው አሰልፎ መጣ። እኛ አገር ሰው በድሎ ይቅርታ ሲለምን እንዲህ ነው፤ ድንጋዩን የሚያወርድለት የተበደለው ነው፤ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው እምቢ ማለትም ያስነውራል። ሽማግሌዎቹ "ስለ ማርያም" ሲሉ ሐና ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ አልነበረውም፤ እንባው ጉንጯ ላይ ሲወርድ በደህና እጇ እንኳ አልጠረገችውም።

አባቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ወደ እሷ እያየ ነበር።

ሴትዮዋ መወርወሪያውን ያዘች፤ ፊልሙም ቆመ።

አባቴ ዴኩን ሁለት ጊዜ በጥፊ መታው። ዲስኩን አውጥቶ ተነፈሰበት፤ በሸሚዙ ጠረገው፤ መልሶ ከተተው። እዚያው ቦታ ቆመ። "እግዚኦ! አሁን፣ አሁን እኮ ነው!" አለ ሊያለቅስ የደረሰ ይመስል። ከዚያ መጨረሻውን በአፉ ነገረን፤ ድንጋዩ እንዴት እንደወረደ፣ ልጁ እንዴት እንደሚድህ።

"ኧረ ወዲያ!" አሉ እትዬ ደብሪቱ። "እኔ ደብረ ብርሃን ልጄ ቤት አይቼው የለም እንዴ? በሩን ጠረቀመችበት!"

"እትዬ ደብሪቱ፣ አይዋሹ።"

"አንተ አትዋሽ! ሰው ሰብስበህ የሰው ስብራት የምታሳይ!"

ስለ ፊልሙ ሴት ያሉ መስሎኝ "ፊልሙ ላይ ምኗም አልተሰበረም" አልኩ ላርማቸው ብዬ። ብርሃኔ ከንፈሩን ነክሶ ወጣ። ሐና ተነስታ ጓዳ ገባች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎሚስታው ደጅ አባቴን አግዘው ነበር። የጎማ የውስጥ ላስቲክ ነፍቶ ውሃ ውስጥ ይደፍቀዋል፤ እኔ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ እፈልጋለሁ። ዓይኔ ከእሱ ይሻላል ይለኝ ነበር።

"ሚልኪ" አለኝ፣ "ሐና ያለቀሰችው መቼ ነው? ስትመታ ነው፣ ድንጋዩን ሲሸከም?"

"ድንጋዩን ሲሸከም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"አዎ። ስትመታማ ዝም ብላ ነበር።"

ፊቱ በራ። "ይኸው! አላልኩም? ልቧ እዚያ ነው ያለው።" ኮምፕሬሰሩን ራሴ እንዳስነሳው ፈቀደልኝ፤ ያ ደግሞ በዓል እንደማለት ነበር።

አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ያኔም አልነበረም። ሐናንና ደረጄን ያገናኛቸው እሱ ነው። ትዳሩ ሲፈርስ በእሱ እጅ እንደፈረሰ አድርጎ ነው ያየው። በገባው መንገድ ሊጠግነው ፈለገ፤ ቀዳዳውን አግኝቶ መለጠፍ። እኔም አረፋውን አሳየሁት። ሐና ግን ስለዚያ እንባ ከዓመታት በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል፣ እንዲህ ነበር ያለችኝ፦ "ድንጋዩን መች አየሁት? ከኋላው የቆሙትን ነው ያየሁት። እምቢ ብትል ከዚያ ቀን ጀምሮ በዳዩ እሷ ናት። ያን ሳውቅ ነው ያለቀስኩት።"

በፊልሙ ማግሥት አይደለም፤ በሳምንቱ ውስጥ ግን ጠቡ ጨመረ። አባቴና እናቴ ምሳ ላይ አይነጋገሩም። እትዬ ደብሪቱ በአጥሩ በኩል እየመጡ ከእናቴ ጋር ይንሾካሾካሉ፤ አባቴ ሲገባ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራሉ። እኔ ይህን ሁሉ የሚያበርደው አንድ ነገር ነው ብዬ ወሰንኩ፤ ዲስኩን ማስተካከል። የተፋቀ ዲስክ በጥርስ ሳሙና ሲታሽ ይሠራል ብሎ ብርሃኔ ነግሮኝ ነበር። ከጓዳው ጀርባ፣ በውሃው በርሜል ጥግ ቁጢጥ ብዬ ማሸት ያዝኩ።

በቆርቆሮው ማዶ እናቴና እትዬ ደብሪቱ ነበሩ።

"እሁድ ሽማግሌዎች ደረጄን ይዘውት ይመጣሉ አለኝ ታከለ" ትላለች እናቴ። "ጋሽ ተሰማም አሉበት።"

"ማን ነው መልስ የሚሰጣቸው?"

"ታከለ ነዋ።"

"እሷስ?"

"ማን ይጠይቃታል?"

"በሩን ጠረቀመችበት ያልኩት እኮ እንድትበረታ ብዬ ነው" አሉ እትዬ ደብሪቱ። "መጨረሻውንማ የት አየሁት? ልጄ ቤት መብራት ሄደ።"

ከሰማሁት ሁሉ ይህን ብቻ ነው ይዤ የሮጥኩት። አረፋ በእጄ፣ ዲስክ በብብቴ፣ በጎማዎቹ መሃል እየዘለልኩ፦

"አባዬ! እትዬ ደብሪቱ መጨረሻውን አላዩትም! መብራት ሄዶባቸው ነው!"

"ይኸው!" አለ አባቴ ጭኑን መትቶ። "ይኸው!"

እሱም አላየውም ነበር። ጋሼ ደረጄ "መጨረሻው እርቅ ነው" ያለውን ነው የነገረን፤ ደረጄ ደግሞ ኮምቦልቻ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ድንጋዩ ድረስ አይቶ፣ ጭነት አለቀ ተብሎ ተነስቶ ወጥቷል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ፊልሙን ስልኬ ላይ አገኘሁት። ዶርም ውስጥ ብቻዬን እስከ መጨረሻው አየሁት። ሴትዮዋ መወርወሪያውን ስትስብ ከእንቅልፏ ትባንናለች። ሁሉም ሕልም ነበር። ባሏ አጠገቧ ተኝቷል፤ ተነስታ ሻይ ትጥዳለች፤ ዘፈን ይገባል። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ የቤታችን ሰው ሁሉ ለዚህ ሲማማል ትዝ አለኝና ሳቁ ጠፋ።

ያን ዕለት ዲስኩን ላጥበው ወደ በርሜሉ ስመለስ ያየችኝ ሐና ናት። በርሜሉ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። ጀሶው ተፈቶላት ነበር፤ ክንዷ ቀጥኖ፣ ክርኗ ላይ አልዘረጋ ብሎ።

"ይሠራል ብለህ ነው?"

"አዎ። መጨረሻውን ስናይ ጠቡ ያልቃል።"

"አንተስ መጨረሻው ምን እንዲሆን ትፈልጋለህ?"

"እንድትከፍትለት።"

"ለምን?"

"ድንጋዩ ከባድ ነዋ ሐንዬ። አንገቱ ላይ ነው እኮ የተሸከመው።"

"እሷስ?"

"እሷማ ምንም አልተሸከመችም።"

ረዘም ላለ ጊዜ አየችኝ። ተቆጣች ብዬ ፈርቼ ነበር። ከዚያ በጣቷ አፍንጫዬ ላይ የቀረውን አረፋ ጠረገችልኝ። "እውነትህን ነው፤ የእሷ አይታይም" ብላ ተነሳች።

ዲስኩ አልሠራም። ጭራሽ ከመጀመሪያውም አልነሳ አለ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አስፋልቱ ሲግል፣ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ተሰማ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ጋሼ ደረጄ፣ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ።

ልቤ ዘለለ። ፊልሙን ሊጫወትልን የመጣ መሰለኝ። ቀጥሎ ግን ድንጋዩን አወቅሁት። መኪና ስንሰቅል ጎማ ሥር ታኮ የምናደርገው የእኛው ድንጋይ ነው፤ ጥቁር የላስቲክ ምልክት አለበት። አባቴን ቀና ብዬ አየሁት፤ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ።

እናቴ ወንበር ዘረጋች። "አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ተሰማ። "ውሃም አንቀምስም። የመጣንበት ሳይሰማ እዚሁ ነን።" ጋሼ ደረጄ ተንበረከከ። ላቡ ከአገጩ ጠብ ጠብ ይላል።

ሐና ከጓዳ ወጥታ ከእናቴ ጎን ቆመች። እትዬ ደብሪቱ ማንም ሳይጠራቸው በአጥሩ በር ገብተው ከኋላ ቆሙ።

"ልጃችን በድሏል፤ በደሉንም አምኗል" አሉ ጋሽ ተሰማ። "ታከለ፣ አባወራው አንተ ነህ። ቃሉን ካንተ እንሰማለን። ስለ ማርያም።"

"ስለ ማርያም" አሉ ሁለቱ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ እንግዲህ..."

"እሷ አፍ የላትም እንዴ?" አሉ እትዬ ደብሪቱ።

"ደብሪቱ፣ ይሄ ሽንኩርት ገበያ አይደለም።"

"አውቃለሁ ጋሽ ተሰማ። ሽንኩርትማ እንኳ ሲሸጥ ተገላብጦ ይታያል።"

ሽማግሌው ሊቆጡ ሲሉ ሐና አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች።

"በደሉን አምኗል አሉ" አለች። "ምኑን ነው ያመነው?"

"ያው... የሆነውን ነዋ ልጄ።"

"ይናገረዋ። የተበደልኩ እኔ ነኝ፤ ልስማው።"

ጋሽ ተሰማ ወደ ኋላ ዞሩ። ይህን ሊከለክሉ አይችሉም፤ በሽምግልና በዳይ ጥፋቱን ተናገር ቢባል መናገር አለበት። "በል፣ ደረጄ።"

"ክፉ ቃል ተናግሬያታለሁ" አለ ወደ መሬቱ።

"ሌላስ?"

"ተቆጥቼ... ያው ያ ነገር።"

"ያ ነገር ምንድን ነው?"

በአስፋልቱ ላይ ከባድ መኪና አለፈ፤ እስኪያልፍ ሁሉም ጠበቀ።

"እጇን ሰበርኩ" አለ። "በመኪናው ክሪክ ብረት።"

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አየሁ። ሐና ዓይኗን ጨፈነች። አባቴ ደግሞ ከኋላው ያለው አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። "መርገጫው..." አለ፤ አልጨረሰውም። እኔ የጋሼ ደረጄን እጆች እያየሁ ነበር። ክላክሱ ላይ እጄን ደርበው የሚይዙት እነዚያው ወፋፍራም ጣቶች ናቸው፤ ድንጋዩን ግራና ቀኝ ይዘውታል። እጇ ላይ ያ ሁሉ ሲሆን ሐና እንዳልጮኸች አሰብኩ፤ ወይም ጮኻ ማንም እንዳልሰማ።

"ሚልኪ" አለች። "ና ያዝልኝ። በአንድ እጄ አልችልም።"

ሄድኩ። እሷ በቀኟ፣ እኔ በሁለት እጄ ድንጋዩን ከአንገቱ አነሳነው። ከገመትኩት በላይ ይከብዳል። ከእግሩ አጠገብ አስቀመጥነው። ጋሼ ደረጄ እያለቀሰ ነበር።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አለች።

"እግዚአብሔር ይስጥሽ! ተባረኪ የእኔ ልጅ!" አሉ ጋሽ ተሰማ፤ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወንበር ሳበ። "ወርቅነሽ፣ እልል በይ እንጂ! ልብሷን አሰናጅላት፤ ፀሐይ ሳይጠልቅ..."

እናቴ እልል አላለችም። ሐናን ነበር የምታየው።

"አልጨረስኩም ጋሽ ተሰማ" አለች ሐና።

ወንበሩን የሳበው ሽማግሌ እንደ ጎነበሰ ቀረ። ጋሼ ደረጄ ቀና አለ። ሐና የማይዘረጋውን ክንዷን በደህናው ይዛ፣ እሱን ሳይሆን ሦስቱን ሽማግሌዎች በየተራ እያየች ተናገረች፤ ድምጿ ጎሚስታው ደጅ ድረስ ይሰማ ነበር።

"ይቅር ያልኩት ከልቤ ነው። ቂም የለኝም፤ መንገድ ላይ ባገኘውም ሰላም እለዋለሁ። ቤቱ ግን አልመለስም። ይቅር ያልኩትም እኔ ነኝ፣ አልመለስም ያልኩትም እኔ ነኝ። ለጠየቃችሁ ሁሉ ሁለቱንም ንገሩልኝ።"